ቅዳሜ የሚያማት መኪና

ሰኞ፣ 4

ከሥራ ስመለስ መኪናዋ ማሳል ጀመረች። የትራፊክ መብራት ላይ ስቆም መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ስረግጥ ታቅማማለች፣ ከዚያ ድንገት ትነጥቅና ትሄዳለች። ከአራቱ ፒስተኖች አንዱ እየሠራ አይደለም። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ቅዳሜ እናቴን ታላቅ እህቴ ዘንድ፣ እታለም ጋ ማድረስ አለብኝ። መንገዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በሦስት ፒስተን ዳገቱን አልደፍረውም።

ራሴ እሠራታለሁ። ሥራዬ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ግቢ እየገባሁ ቁጥር አያለሁ። ቁጥር አያለባብስም። ሞተርም እንደዚያው ነው፤ በሥርዓት ለጠየቀው ይመልሳል። አስቸጋሪው ሰው ነው እንጂ።

ማክሰኞ፣ 5

በኋላ እንዳይምታታብኝ ጉዳዩን ከሥሩ ልጻፈው።

ባለፈው ወር እናቴን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳለጣትና ወደቀች። አልተሰበረችም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አትሄድም፣ አውቶቡስ ላይ መውጣትማ የማይታሰብ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ሚስቴ «እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም» አለች። እውነቷን ነው። እኔም በማግስቱ ለእታለም ደወልኩ። የእታለም ቤት ሰፊ ነው፤ ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፣ እሷም ከቤት አትጠፋም። ከእንግዲህ እናታችን እዚያ ትኑር ብለን በአንድ ስልክ ተስማማን።

ለእናቴ ስነግራት ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቀና አላለችም። «እናንተ ካላችሁ» አለች። ለሚስቴም ነገርኳት። «ተወሰነ እንዴ?» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። በቃ፣ ያለ ጭቅጭቅ አለቀ። በሌላ ቤተሰብ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጉድ ያመጣ ነበር።

ረቡዕ፣ 6

ዛሬ ሥራ ቦታ መሳቂያ ሆንኩ። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጠመኔ ከእጇ አይለይም፤ ቤት ውስጥ ምልክት ያላደረገችበት ነገር የለም። የእናቴ መድኃኒት ጠርሙሶች ላይ እንኳ አንድ መስመር ለጠዋት፣ ሁለት መስመር ለማታ ብላ አስምራለች፤ እናቴ ደቃቅ ጽሑፍ አይታያትም። ዛሬ የሱሪዬ እግር ላይ ትልቅ ነጭ መንጠቆ ተሥሎ እኔ ሳላይ ለብሼው ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ «ምን ልትሰቅልበት ነው?» ሲሉኝ ዋሉ።

ማታ ስጠይቃት «መንጠቆ ያለበት ስፌት ለጊዜው የተያዘ ነው። ኋላ ይፈታል ማለት ነው። ማን ሳልጨርሰው ልበስ አለህ?» አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ አረፈው።

እሷና እናቴ ሳሎን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ። ዛሬ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ሰማኋቸው።

«እማማ፣ ይህን ቁልፍ አጣመሙት። ይፍቱትና እንደገና ይትከሉት።»

«የተጣመመውስ ዓይንሽ ነው።»

«እሺ፣ ዓይኔን ይፍቱትና እንደገና ይትከሉት።»

ከዚያ ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማሁ፤ ሬዲዮ ይሆናል። እናቴ ስትሄድ ሁለቱም ያርፋሉ።

ሐሙስ፣ 7

በሽተኛው ተገኘ። ሦስተኛው ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶችን በፒንሳ አንድ በአንድ መንቀል ነው። የሚሠራውን ስትነቅል ሞተሩ ይንገዳገዳል። ነቅለህ ምንም ለውጥ ከሌለ ሟቹ እሱ ነው። አንደኛውን ነቀልኩ፣ ተንገዳገደ። ሁለተኛውን ነቀልኩ፣ ተንገዳገደ። ሦስተኛውን ስነቅል ምንም፤ ደንታውም አልሰጠው።

የእጅ ባትሪ የያዘችልኝ ሚስቴ ናት። ስለ ሞተር ጠይቃኝ የማታውቅ ሴት ዛሬ ጥያቄ አበዛች።

«ስለዚህ ይቺ የገመዱ ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ በደንብ ካልገባች አለቀላት ማለት ነው?»

«አለቀላት። ከውጭ ስታያት የገባች ትመስላለች። ውስጥ ካልነካች ግን እሳቱ አይደርስም። ጠቅ እስክትል መጫን ነው።»

«ማሽኔ ስፌት ሲዘል እንደሚያደርገው ነዋ። ክሩ ያለ ይመስልሃል፤ የለም።»

ደስ አለኝ። ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት፤ ኮፈኑ በምን እንደሚከፈት ሳይቀር፤ መክፈቻው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። ስንገባ ግን ወደ ጠባይዋ ተመለሰች፦ «ብረቱን መቼ ነው የምትተክለው?» መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ እናቴ የምትይዘው ብረት ነው። ራሷ ገዝታ ከበሩ ጀርባ አቁማዋለች። ለሁለት ቀን ብሎ ግድግዳ መብሳት ምን ይሉታል? ባትሪውን ተቀብያት ሰቀልኩት።

ዓርብ፣ 8

የሦስተኛውን ካንዴላ አወጣሁት። ነጩ ሸክላ ተሰንጥቋል፣ ጫፉ በነዳጅ ርሷል። እርግጠኛ ለመሆን ከሁለተኛው ጋር አቀያየርኳቸው፤ ሕመሙ ተከትሎ ወደ ሁለተኛው ሄደ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ሆነ። መሪው ላይ ጣቴን ባሳርፍ አይነቃነቅም።

ስገባ ሁለቱ የእናቴን ሻንጣ እያዘጋጁ ነበር። የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። ሽንኩርት ሲከትፉ ነበር መሰለኝ፤ ራቱ ላይ ግን ሽንኩርት አላየሁም።

ቅዳሜ፣ 9

ጉድ! እናቴ ለብሳ፣ ሻንጣው ተጭኖ፣ ቁልፉን ሳዞር ይኸው ያው ሳል። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ነው። ገመዶቹን ሁሉ ነቀልኩ፣ ካንዴላዎቹን ጠረግሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ሞተሩ ተስተካከለ፤ ያኔ ግን ቀኑ ገፍቷል። ከመሸ እዚያ መንገድ ላይ አልነዳም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ፤ ሌላ ዕረፍት የለኝም።

እናቴ «ምን ይደረጋል» ብላ ምርኩዟን ይዛ ወረደች። ዳሌዋ የተሻላት ይመስላል፤ ፈጠን ብላ ነው የወረደችው።

ማክሰኞ፣ 12

ሰኞም ዛሬም ሥራ ሄጄባታለሁ። ምንም የላትም።

ጎረቤታችን መካኒክ «ጆሮው» ይባላል፤ ካቻቪቴ ሞተር ላይ አስደግፎ በጆሮው ያዳምጣል። ዛሬ ለምኜው መጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ካዳመጠ በኋላ «ጤነኛ ናት» አለ። ቅዳሜ ታማ እንደነበር ብነግረው «ነዳጅ ነው» አለ። ለሁሉም ነገር ነዳጅ ነው የሚለው፤ ባለፈው ጎማው ለተነፈሰበትም ሰው እንዲሁ ብሎታል።

ዓርብ፣ 15

ከሥራ ስመለስ እናቴ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ሰሞኑን ልማድ አድርጋዋለች። ዛሬ ግን የተቀመጠችው በሾፌሩ ወንበር ነው። ገና የግቢውን በር ስከፍት «ልጄ! መጣህልኝ?» ብላ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። ጆሮዋም እየደከመ ይሆን? ሚስቴ ኮፈኑን ተደግፋ ቆማለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«ምን ትሠራላችሁ?» አልኩ።

«ለእማማ ሻይ ላቀርብላቸው ነው» አለች። ሻይ ግን አላየሁም።

እናቴ ሳወርዳት ዘወር ብላ «ሙያ በልብ ነው» አለች። ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። እርጅና ይሆናል። እታለም ጋ ብትሆን የሚያጫውታት አታጣም።

ቅዳሜ፣ 16

አልተነሣችም። ተነሣች፣ ግን በሦስት። አሁን አራተኛው።

ከድጡ ወደ ማጡ። ብልሽቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ገመዶቹ ላይ ነጭ ነገር አየሁ፣ እንደ ዱቄት ነው። ጨርቅ ሳሳርፍበት ጠፋ። እርጥበት የሚያመጣው ጨው መሆን አለበት፤ የሌሊቱ ጤዛ ገመዱ ውስጥ ገብቶ እሳቱን ያፈሰዋል። ስለዚህ ገመዶቹን በሙሉ መቀየር ነው።

እታለም ደወለች። ክፍሉን አስቀብታ መጋረጃ ሰቅላ ትጠብቃለች። «ምን ዓይነት መኪና ነው ያንተ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

እሑድ፣ 17

አንድ ነገር ልጻፍ። ትናንት ጉዞው ሲቀር ተናድጃለሁ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ማታ ሦስታችን ራት ስንበላ እናቴ ስለ አባቴ የድሮ ቀልድ አወራችና ሚስቴ ውኃ አነቃት። እኔም ሳቅኩ። ከሳምንት በኋላ ይህ ወንበር ባዶ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ሣህን አነሣሁ።

ለሁሉም የሚሻለውን ነው የወሰንኩት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻዋን ብትወድቅስ ኖሮ?

ረቡዕ፣ 20

ሚስቴ እንደገና፦ «ብረቱ?»

«ለማን?» አልኳት። ካወጣሁት በኋላ ደስ አላለኝም። እሷም ማሽኗን እስኪንጫጫ ረገጠችው።

ሐሙስ፣ 21

አዲስ ገመዶች። አራቱንም፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ። ጤዛ እንዳያገኛት መኪናዋን ሸራ አለበስኳት።

ቅዳሜ፣ 23

አንደኛው!! በአዲስ ገመድ፣ ከሸራ ሥር!

ዘልዬ ወጥቼ ጎማውን በእርግጫ አልኩት። እግሬን አመመኝ። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ቀስ በል እንጂ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች፤ እዚያው ተመቻችታ። ሚስቴ እግሬን ለማየት ብላ ጎንበስ አለች፤ ፊቷን ግን አላሳየችኝም።

ጆሮው ከአጥር በላይ ያየኛል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የምትታመም ከሆነ መኪና አይደለችም፣ ሥራ የሰለቻት ሠራተኛ ናት» ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም።

ከሰዓት በኋላ እታለም ደወለች። «ተወው፣ እኔ መኪና ተከራይቼ ልላክ። ሰኞ እማዬ ትመጣለች» አለች። እኔ ደግሞ ጮኽኩባት። የጀመርኩትን ልጨርስበት፣ እናቴን ሌላ ሰው አያመላልሳትም፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ያላልኩት የለም። ታላቄ ናት፣ ጮኼባት አላውቅም። እሺ ብላ ዘጋች። ለምን እንደጮኽኩ ራሴም አላውቀውም። ከዘጋሁ በኋላ ሳሎን ውስጥ ማሽኑ ቆሟል። ከዚያ ማሽኑ ቀጠለ።

እሑድ፣ 24

ዛሬ ጠዋት በቀን ብርሃን ኮፈኑን ከፈትኩ። ትናንት በንዴት ሳላይ ነው ጭኜ ያለፍኩት። አንደኛው ገመድ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አለ። ገመዱ ሦስት ቀኑ ነው፣ ጨው ከየት አመጣ? አልጠረግሁትም። መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ።

መንጠቆ ነው።

ጥርት ያለ፣ ጫፉ ወደ ግራ የታጠፈ፣ ሱሪዬ ላይ የነበረው ያ መንጠቆ። ለጊዜው ነው፣ ኋላ ይፈታል።

ኮፈኑን ዘጋሁ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ገብቼ እጄን ታጠብኩ። በእናቴ ክፍል በኩል ሳልፍ ሻንጣዋን አየሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሸክሜ ስጭነውና ሳወርደው የከረምኩት ሻንጣ ነው። በጎኑ ላይ፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ያው መንጠቆ።

ቆጣሪ አንባቢ! በየሰው ግድግዳ ላይ ያለውን ጥቃቅን ቁጥር ሳነብ እውላለሁ፣ ቤቴ ውስጥ በጠመኔ የተጻፈውን አላነበብኩም።

ማክሰኞ፣ 26

አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም። ግን አሁን ሁሉን ነገር ማየት ጀመርኩ። እናቴ ከሾፌሩ ወንበር ሆና መክፈቻውን ትስባለች፣ ሚስቴ ትነቅላለች። «ልጄ መጣህልኝ» የሚለው ጩኸት ለኔ አልነበረም።

ሚስቴ ለምን? ሌላው ሁሉ ገባኝ፣ ይህ አልገባኝም። እናቴ እንድትሄድ የፈለገችው እሷ አይደለችም እንዴ? እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም ያለችው? ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ያለችው ያን ብቻ ነው። ቀሪውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ ከዚያ ወዲህ ስትለው የከረመችው ስለ ብረቱ ነው።

ዓርብ፣ 29

ከሥራ ስገባ ጩኸቱን ሰማሁ፤ ሥራቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። ሰላም ብዬ አለፍኩ።

ቅዳሜ፣ 30

ማልጄ ተነሥቼ ሄጄ አየሁ። ዛሬ ተራው የሦስተኛው ነበር፤ መንጠቆው እዚያው አለ። ጠቅ አድርጌ ጫንኩትና ኮፈኑን ዘጋሁ።

ከቁርስ በኋላ እንደ ወትሮው ሆንን። ሻንጣው ተጫነ፣ እናቴ የፊት ወንበር ላይ ወጣች፣ ሚስቴ ለመሸኘት ደጃፍ ላይ ቆመች። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሣ። አንድ ሳል እንኳ የለም። አራቱም ፒስተኖች እንደ ሰዓት።

ያን ያህል ደክሜበት የጠበቅኩት ድምፅ ነው። ማንም ደስ አላለውም። እናቴ ወደ ሚስቴ ዞራ አየቻት፤ ቁልፍ አጣምመሽ ተከልሽ የምትል አስተያየት ነበረች። ሚስቴ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እናቴ ወደ ፊት ዞረችና የደኅንነት ቀበቶውን ስባ ሳታስረው ያዘችው። እያየኋት ነው። እናቴ ስታለቅስ ድምፅ አታወጣም፣ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ሦስተኛውን ገመድ ነቀልኩት። መኪናዋ መንገዳገድ ጀመረች።

«ዛሬም አልሆነም» አልኩ።

«ምን ሆነች ደግሞ?» አለች እናቴ ዓይኗን እየጠረገች።

«ገመድ ወልቋል።»

«ማን አወለቀው?»

«ዛሬስ እኔ ነኝ» አልኩ። ገመዱን ወደ ሚስቴ ዘረጋሁላት። «ጠመኔ ከያዝሽ ምልክት አድርጊበት።»

ሚስቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠ።

«እማማ ይሂዱ ያልኩ መሰለህ? እኔ አይቀጥልም ያልኩት መታጠቢያ ቤቱን ነው! ብረት ትከል ነው ያልኩህ!»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«ወስነህ መጥተህ ነገርከኝ። እኔ ደግሞ እሳቸው ልጃቸው ጋ መሄድ ፈልገው መሰለኝ። ምራት ነኝ፣ ይቅሩ ብዬ ልለምን? ሊሄዱ በነበረበት ቀን ዋዜማ ሻንጣውን ስናዘጋጅ ነው እውነቱን የተነጋገርነው።»

«እኔም እሷ ሰልችታኝ መስሎኝ» አለች እናቴ ከመኪናው ውስጥ። «እናንተ ካላችሁ ያልኩት ለዚያ ነው። አንተን ብንነግርህ ደግሞ በሥርዓት ታስረዳን ነበር። እሷን መኪና እንዴት እንደሚበላሽ አስተማርካት፣ በዚያው ሄድን።»

ሞተሩን አጠፋሁ። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አልኩ። ከወር በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የት መኖር ትፈልጊያለሽ?»

ቀበቶውን ለቀቀችው።

«ሻንጣዬን አውርድ» አለች።

እሑድ፣ 1

ለእታለም ደወልኩ። «ደግሞ ምኗን ነው ያመማት?» አለች።

«መኪናዋ ደህና ናት። እማዬ አትመጣም። እዚህ መሆን ትፈልጋለች።»

እሷም፦ «ጠይቀሃታል?»

«ትናንት።»

«እኔም አልጠየቅኋትም» አለች። ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ጠየቅኋት። መጋረጃው እንዳይባክን ራሷ መጥታ እናታችንን ለአንድ ሳምንት ይዛት ትሂድ፣ ከዚያ ትመልሳት ተባባልን። ይህንንም አስቀድሜ እናቴን ጠየቅኋት። አንድ ሳምንት ይበቃል አለች፤ ሚስቴ ያለ እሷ ቁልፍ አትተክልም።

ከዚያ ብረቱን ተከልኩ። የት እንደሚበሳ የወሰንኩት እኔ አይደለሁም። ሚስቴ እናቴን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አቁማ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ልክ ለቀሚስ እንደምትለካ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ፣ ከክርኗ እስከ መዳፏ ለካቻት። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሁለት ነጥብ አደረገች። መንጠቆ የለውም፤ አይቼ አረጋገጥኩ። በሳሁ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ።

እናቴ ምርኩዟን ለኔ ሰጥታ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች። አንዴ ጎተተችው። ደግማ በሙሉ ክብደቷ ጎተተችው። ከዚያ ወደ ሚስቴ ዞረች።

«ይቺን እንኳ አንቺም አታወልቂያት» አለች።